ያልተጸጸቱበት ዋጋ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል መድፍ

በመቅደላ አምባ፣ ዛሬ አምባ ማርያም በሚባለው ስፍራ፣ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት አንድ ግዙፍ ሞርታር ይገኛል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል፤ ስሙም ሴባስቶፖል ይባላል። አምሳያው በአዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ ስለሚታይ መልኩን የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መልኩ የታወቀውን ያህል ስለ ዋጋው ብዙ አይነገርም። በታሪካችን ውስጥ ለአንድ የጦር መሣሪያ ይህን ያህል ብዙ የከፈለ መሪ ማግኘት ያስቸግራል። ከፍለውም ሲያበቁ ከመሣሪያው ያገኙት አገልግሎት በጦር ሜዳ ሲመዘን ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ሆኖም ገዢው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በግዢው የመጸጸት ምልክት አላሳዩም። ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሕይወታቸውን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

የደባርቂ ትምህርት

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ በጎንደር የተቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ኃይሉ በየክፍለ ሀገሩ ባሉት መሳፍንት እጅ ነበር። ካሣ በልጅነቱ በገዳም ተማረ፤ ጎልማሳ ሲሆን በቋራ ቆላ ሸፈተ፤ ቀጥሎም በጦር ችሎታው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን እስከ ማግባት ደረሰ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚተማመነው በፈረሰኛውና በጎራዴ ያዡ ድፍረት ነበር።

በ1840 ዓ.ም. ግን ይህ እምነቱ ተፈተነ። በዚያን ጊዜ ሱዳንን ይዞ የነበረው የግብፅ ጦር በጠረፍ በኩል በደባርቂ መሽጎ ነበር። ካሣ በቁጥር የሚበልጥ ሠራዊት ይዞ በምሽጉ ላይ ወረደ። የግብፆቹ ጦር በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም በሥርዓት የሠለጠነ፣ መድፍም የያዘ ነበር። የካሣ ጭፍራ ወደ ምሽጉ በተጠጋ ቁጥር በእሳት እየታጨደ ወደ ኋላ ተመለሰ። ካሣ በሕይወቱ ካጋጠሙት ሽንፈቶች ሁሉ ይህን ያህል ጥልቅ ምልክት የተወበት የለም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጀግንነት ብቻውን በመድፍ ፊት ዋጋ እንደሌለው ተረዳ።

ከደባርቂ በኋላ ዕድል ፊቷን ወደ ካሣ አዞረች። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ አሸንፎ በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ከግዢ ይልቅ ሙያ

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ሠራዊታቸውን በዘመናዊ መሣሪያ ለማደራጀት ቢነሡም መንገዱ ዝግ ነበር። የቀይ ባሕር በር ምፅዋ በቱርኮች እጅ ነበረች፤ በኋላም ወደ ግብፆች ተላለፈች። ጠመንጃና ባሩድ ሊገባ የሚችለው ባለ በሩ ሲፈቅድ ብቻ ነበር፤ ባለ በሩ ደግሞ የደባርቂው ጠላት ወይም የእርሱ ወዳጅ ነው። እንግዲህ መሣሪያን ከውጭ መግዛት ማለት ዛሬ በገንዘብ፣ ነገ በጠላት ፈቃድ መኖር ማለት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ተነሥተው አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ፤ ይኸውም ከመሣሪያው ይልቅ የመሣሪያውን ሙያ ወደ አገር ማስገባት የሚል ነበር።

ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሰባኪዎች ብቻ ሳይሆኑ የእጅ ሙያ የተማሩ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አሰፈሯቸው። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነርሱ መካከል ይገኙበታል። የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትስ ሆል እና ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨመሩ። ከዚያም ጋፋት የማቅለጫ ምድጃ፣ የአናጢና የብረት ሥራ ቤት፣ ልጆችም የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያላት መንደር ሆነች።

የንጉሡ ጥያቄ ግን ከባድ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ጋሪ፣ መንገድና ቤት መሥራት ቢችሉም መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም፤ ይህንኑም አስረዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ አለመቻልን እንደ መልስ አልተቀበሉም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሌላም ተሞከረ። ማቅለጥ የሚያውቅ መሐንዲስ ችግሩን ይገነዘባል፤ ምድጃው የተሠራበት ጡብ ሙቀቱን ካልቻለ ብረቱ ሳይፈስ ምድጃው ይቀልጣል፤ ቅርጽ ማውጫው ጥቂት እርጥበት ከቀረው የቀለጠው ብረት ሲነካው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ መፍሰሱ መካከል ላይ ከተቋረጠ መድፉ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ የተማሩት በመሳሳት ነበር። በመጨረሻ ደኅና ሞርታር ከቅርጹ ሲወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ደስታ ወሰን አልነበረውም፤ ሠራተኞቹንም በገንዘብና ባጌጡ ፈረሶችና በቅሎዎች ሸለሙ።

በዚህ ሽልማት ውስጥ ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ እየተባለ ከሰው ተለይቶ ይኖር ነበር። የእጅ ባለሙያን በአደባባይ እንደ መኳንንት መሸለም ለሠራዊቱም ለመኳንንቱም እንግዳ ነገር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የሙያን ክብር ያወጁት በቃል ሳይሆን በግምጃ ቤታቸው ነው።

ዋጋው እየናረ ሲሄድ

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትንና በቱርኮች ላይ የሚሆን ድጋፍን የሚጠይቅ ነበር። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። በዚህ የተቆጡት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ራሳም የተባለው መልእክተኛ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ መጣ፤ ነገሩም የሚበርድ መሰለ።

እዚህ ላይ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛውን ዋጋ የተጫረቱት። ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩ፤ ጥያቄያቸውም የመድፍ ሠሪዎችና የሥራ መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው ነበር። ራሳምንና ጓደኞቹን ግን አስቀሯቸው፤ ቆይተውም በመቅደላ አሰሯቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን ቀጠረ፤ ማሽኖቹንም ገዛ፤ ሁሉም በ1859 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ ሆነው ጠበቁ። አንዱ ወገን እስረኞቹ መጀመሪያ ይለቀቁ አለ፤ ሌላው ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ይምጡ አለ። ከወራት ጥበቃ በኋላ ባለሙያዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይህ በሴባስቶፖል ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የነበረው ሙያ ከነመሣሪያው እስከ ባሕር በር ድረስ መጥቶ ነበር። ሙያን በእስረኛ ለመለወጥ በመሞከራቸው ሙያውንም አጡ፤ ጦርነትንም አተረፉ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1859 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦር ለማዝመት ወሰነ።

በዚያው ዓመት፣ ከውጭ የሚጠብቁት ተስፋ ሲመነምን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባላቸው ሰውና ባላቸው ምድጃ ከእስከዚያው ሁሉ የሚበልጥ ሞርታር እንዲሠራ አዘዙ። ሥራው በደብረ ታቦር አካባቢ ተፈጸመ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ረጅም ከበባ በተካሄደባት ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተብሎ ተሰየመ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መድፍ አናውቅም ያሉ ሰዎች 70 ኩንታል የሚመዝን ሞርታር አቅልጠው ማውጣታቸው በየትኛውም አገር ቢሆን የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ስድስት ወር በመንገድ

መድፉ ሲያልቅ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ተሸራርፎ አልቆ ነበር። ሸዋ ከእጃቸው ወጥቷል፤ ትግራይና ላስታ ሸፍተዋል፤ ጎንደር በራሳቸው ጦር ተዘርፋለች፤ በጌምድርም በግብርና በዘረፋ ብዛት ተማሯል። የቀራቸው መጠጊያ መቅደላ ነበረች። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በጋሪ ጭነው ተነሡ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ርቀት በወፍ በረር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ወሰደ፤ ርቀቱ ለቀናቱ ሲካፈል በየቀኑ ከ1 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመካከሉ የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አላቸው። የበቅሎ መንገድ እንጂ የጋሪ መንገድ በሌለበት አገር መድፉ አንድ እርምጃ ከመራመዱ በፊት መንገዱ መቆረጥ ነበረበት። ድንጋዩ ተፈነቀለ፤ ዛፉ ተመነጠረ፤ የገደሉ ወገብ ተጠረበ። በዳገቱ ላይ ሴባስቶፖልን ለመጎተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በቁልቁለቱ ደግሞ ጋሪው እንዳያመልጥ ወደ ኋላ የሚይዘው ሰው ከጎታቹ የሚያንስ አልነበረም።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ሥራ ላይ አዛዥ ብቻ አልነበሩም። ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ፣ ከሠራተኛው ጋር አፈር ይዝቁ ነበር። ንጉሥ እንደ ቀን ሠራተኛ ሲደክም ያየ ወታደር ቁጭ ብሎ ሊያይ አይችልም። የአውሮፓውያኑ ሠራተኞች መንገድ ቀያሾች ሆኑ። ይሁን እንጂ የጉዞው ምግብ የሚገኘው ከገበሬው ጎተራ ነበር፤ ጦሩ ባለፈበት ሁሉ አገሩ ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር። በየሌሊቱ የሚከዳው ወታደር ቁጥርም ቀላል አልነበረም። መድፉ ወደ ፊት አንድ ምዕራፍ በተራመደ ቁጥር መድፉን የሚጠብቀው ሠራዊት ይቀንስ ነበር። መድፉን ጥሎ በፍጥነት መጓዝ፣ ወይም ጠላትን በገደሉ አፋፍ ላይ መጠበቅ የሚቻል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሴባስቶፖልን ለአንድ ቀን እንኳ ለመተው አላሰቡም።

በመጋቢት 1860 ዓ.ም. የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ ግርጌ ደረሱ። ሞርታሩ የሰላምጌን አቀበት ሲወጣ እንዲያይ እስረኛቸውን ራሳምን ከአምባው አስጠርተው አሳዩት። በእስረኛው ፊት የታየው ንጉሥ የተጨነቀ ሰው አይመስልም ነበር፤ ሥራውን ለእንግዳ የሚያሳይ ባለሙያን ይመስል ነበር።

የአሮጌ ቀን

በሌላው በኩል ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ የተነሣ 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በዙላ ወረደ። እንግሊዞችም በበኩላቸው ውድ ዋጋ ከፈሉ። የመርከብ ማራገፊያ ሠሩ፤ ከባሕር ዳር ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ ከህንድ ዝሆን አመጡ። የዘመቻው ወጪ በመጀመሪያ ከተፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተነሥቶ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ።

የሁለቱ ወገኖች ምሕንድስና በአንድ ነገር ተለያየ። እንግሊዞች መሣሪያቸውን ለአገሩ አቀማመጥ መጥነው አመጡ፤ የተራራ መድፋቸው በበቅሎ ጀርባ የሚጫን ነበር፤ ከባዶቹን ብቻ ዝሆኖች ተሸከሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አገሩን ለመሣሪያው ለመመጠን ተነሡ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች የተጓዘው ለሴባስቶፖል በተቆረጠው በዚያው በንጉሡ መንገድ ነበር።

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በአሮጌ ሜዳ ተደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በቁጣ ገንፍለው በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ወደ ገደል አስወርውረዋል፤ ይህ በስማቸው ላይ የቀረ፣ ምንም ዓይነት ሒሳብ የማያካክሰው ዕዳ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ የመራው ጦር በቁልቁለቱ ወረደ። ከኋላ የሚጎርሰው የእንግሊዞች ስናይደር ጠመንጃ በጦር ሜዳ የተሞከረው በዚያ ቀን ነበር። ወደ 700 ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። ሴባስቶፖል በዚያ ቀን ለንጉሡ የሰጠው ጥቅም አልነበረም። ሞርታር በምሽግና በከተማ ላይ ከፍ ብሎ የሚወረወር መሣሪያ ነው እንጂ ተበትኖ በሚንቀሳቀስ ወታደር ላይ የሚተኮስ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚከብቡት ምሽግ ደግሞ አልነበራቸውም፤ የተከበቡት ራሳቸው ነበሩ።

የትንሣኤ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ መቅደላ ተሰበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጠፉ። የተኮሱበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር። አንድም ብር ያልከፈሉበት መሣሪያ ፈጸማቸው፤ መንግሥታቸውን የከፈሉበት መሣሪያ ግን በሰላምጌ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

ሒሳቡ ሲዘጋ

እንግሊዞች የአምባውን ሀብት፣ ብራናውንና ንዋየ ቅድሳቱን፣ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ፤ ሕንፃዎቹን አቃጠሉ፤ መድፎቹን ሰባበሩ። ሴባስቶፖልን ግን ይዘው አልሄዱም። ክብደቱ ለንጉሡ የሸክም ምንጭ እንደ ሆነ ሁሉ ለአገሩ የመቆየቱ ምክንያት ሆነ።

የጋፋት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከእንግሊዞች ጋር ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ሞሪትስ ሆል በያፋ ሰፈረ። ከሠራተኞቹ ጋር ምድጃውም ጠፋ። የዐፄ ቴዎድሮስ ስሌት የተሳነው እዚህ ላይ ነው። ሙያን ከመሣሪያ ማስቀደማቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሙያው በኢትዮጵያውያን እጅ ሥር እስኪሰድ የሚያስፈልገውን ዘመን ሊሰጡት አልቻሉም። ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ጠላትም ጊዜ አልሰጣቸውም። ጋፋት ሃያ ዓመት በሰላም ብትቆይ ኖሮ የልጆቿ ትምህርት ቤት ከመድፉ የሚበልጥ ፍሬ ባፈራ ነበር።

እንግዲህ ዋጋው ከመጠን ያለፈ ነበር ማለት ሐሰት አይሆንም። ከፋዮቹም ብዙ ነበሩ፤ የበጌምድር ገበሬ በእህሉ፣ ወታደሩ በጉልበቱ፣ እስረኛው በነጻነቱ ከፍሏል። ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው ድርሻ ቢረኩም የሌሎቹ ድርሻ በእነርሱ ፈቃድ የተከፈለ አልነበረም። አንድን ታላቅ ሥራ ለመመዘን የሚነሣ ባለሙያ ይህን ክፍል ከሒሳቡ ሊያወጣው አይገባም።

ይህም ሆኖ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልተጸጸቱበት ምክንያት ግልጽ ነው። እርሳቸው የገዙት ጥይት የሚተፋ ነሐስ አልነበረም። በደባርቂ ፊት ለፊት ያዩትና ከአቅማቸው በላይ የነበረው ነገር በአገራቸው አፈር፣ በአገራቸው እንጨት በነደደ እሳት ሊሠራ እንደሚችል ማየትን ነበር የገዙት። ያንንም አዩ። መድፉ በጦር ሜዳ ጥቅም ባይሰጥም መሠራቱ እርግጥ ነው፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደልና ዳገት መሻገሩም እርግጥ ነው። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ክብደት በተቆረጠ መንገድ ላይ በጎማ ሳይሆን በእንጨት መንኮራኩር፣ በሞተር ሳይሆን በሰው ትከሻ ተጓጉዟል።

ዛሬ በሸለቆዎቹ መካከል መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ መሣሪያውን ተክሎ ተዳፋቱን ሲለካ ከእርሱ በፊት በዚያ የቆመውን ሰው ሊያስታውስ ይገባዋል። የዚያ ሰው ጥድፊያ እንደ ማስጠንቀቂያ፣ ለሙያ የሰጠው ክብር ደግሞ እንደ አደራ ሊያዝ የሚገባው ነው።